የፈረንጆቹ መኪና ወለል

በጃንሆይ ዘመን ማብቂያ አካባቢ፣ ኮልፌ ቤት ተከራይተው የሚኖሩ ባልና ሚስት ፈረንጆች ሹፌር ነበርኩ። ሁለቱም ሐኪሞች ናቸው። ውስጧ አልጋ፣ ምድጃና ቁም ሳጥን ያላት መኪና ነበረቻቸው፤ ቅዳሜና እሁድ ሐይቅ ዳር እወስዳቸውና እዚያው ያድሩባታል። ሰፈሩ "ቤት ያዘለችው" ይላት ነበር። የታመመች እናቴን የማስታምመው በዚች ሥራ ነው። ሌላ ገቢ አልነበረንም፤ ይህንንም ጎረቤቱ በሙሉ ያውቃል።

ሴትዮዋ ከሞተሩ ይልቅ ለወለሉ ትሳሳ ነበር። ካገሯ ያስመጣችው፣ በማስቲሽ የተለጠፈ፣ ነጣ ያለ የፕላስቲክ ምንጣፍ ነው። ጫማ ሳያወልቁ መግባት የለም። እኔም አንዲት ጠጠር ምን እንደምታደርገው ስለማውቅ በየቀኑ እጠርጋለሁ፣ ለብ ባለ ውሃ እወለውላለሁ፣ ዕቃ ሲጫን ደግሞ ጆንያ አነጥፋለሁ። እናቴ "የኛን መደብ እንዲህ ብትንከባከበው ምን ነበረበት" እያለች ትስቅብኝ ነበር።

አንድ ሐሙስ፣ ፈረንጆቹ ለሥራ በአውሮፕላን ጎንደር ሄደው ሳለ፣ የእድራችን ዳኛ በጠዋት በሬን አንኳኩ። አንድ ጎረቤታችን ዘነበወርቅ ሐኪም ቤት አርፏል፤ ሬሳውን የሚያመጣ መኪና ጠፍቷል፤ የአንተዋ ደግሞ አልጋ ሳይቀር አላት አሉኝ። ያለ ባለቤቶቹ ፈቃድ እንደማይሆን ነገርኳቸው። ሟቹ እድርተኛ ነው፣ አንተም እድርተኛ ነህ አሉና ቆመው ጠበቁኝ። ቁልፉን አነሳሁ።

ጆንያዎቼን ደራርቤ አነጠፍኩ። ዘነበወርቅ ደርሰን የሬሳ ሳጥኑ ሲወጣ ግን ዳኛው የመኪናዋ በር ላይ ቆመው ከለከሉ።

"ልጄ፣ ሬሳ እኮ እህል አይደለም። ጆንያ ላይ አይተኛም።"

የሟች እህቶች እያዩኝ ምን ልበል? ጆንያውን አነሳሁና የአንዷ ነጠላ ተነጠፈ። ነጠላ ምን ይይዛል! የመጀመሪያው ኩርባ ላይ ተጠቅልሎ ወጣ፤ ከሳጥኑ ሥር ያፈነገጡት ሚስማሮችም እስከ ኮልፌ ድረስ ወለሉን ሲያርሱት መጡ። መሪውን ይዤ ድምፁን እሰማ ነበር። በዚያ ሁሉ ለቅሶ መሐል ስለ ወለል መናገር አሳፈረኝ።

ከቀብር መልስ ጉዱን አየሁት። ቀጫጭኑን ጭረት ሻማ አቅልጬ ሞላሁና በጨርቅ ሳሸው ጠፋ። ሁለት ቦታ ግን ተቀዶ የሥሩ ጣውላ ይታያል። ለዚህ ከአልጋው ሥር፣ ማንም ከማያየው ቦታ፣ መዳፍ መዳፍ የሚያህሉ ሁለት ቁራጮች በምላጭ ቆረጥኩ። ቁራጩን በተቀደደው ላይ አድርጌ ሁለቱን አንድ ላይ ስቆርጣቸው ልክ ለልክ ገጠሙ፤ ማስቲሽ ቀብቼ መጅ ጫንኩባቸው። በማግስቱ መጋጠሚያውን እኔ ራሴ ፈልጌ አጣሁት። እውነቱን ለመናገር ኮራሁ። ሞኝ ነበርኩ፤ ፈረንጆቹ እንደተመለሱ መናገር ነበረብኝ።

ሴትዮዋ የጠገንኩትን አላየችም። ያየችው የአልጋውን ሥር ነው። ድስት ልታስቀምጥ ጎንበስ ስትል በምላጭ የተቆረጠውን ባዶ ቦታ አገኘችና ቆርጬ የሸጥኩባት መሰላት። ያን ጊዜ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ የጠገንኩትን ላሳያቸው ብል ግን መጋጠሚያው አልታይ አላቸው። ባልየው ረጋ ያለ ሰው ነበር፤ ሬሳውን ካጫኑት አንድ ሰው ብቻ አምጣና ይመስክርልህ፣ ሥራህ ላይ ትቆያለህ አለኝ። አንድ ሰው አላጣም ብዬ ደስ እያለኝ ወደ ዳኛው ቤት ሮጥኩ።

ዳኛው እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

"እኔ ፈረንጅ ደጅ ቆሜ በሞተ ሰው ስም አልከራከርም" አሉ። "መኪናዋን የነዳሃት አንተ ነህ።"

የሟች እህቶች ሐዘን ላይ ነን አሉ። ሳጥኑን ከተሸከሙት አንዱ አስኮ ሄዷል ተባለ፤ ሌላው ዘነበወርቅ መሄዱንም ረሳው። ለሰው ሞት አነሰው የሚባለው ለካ ለእንዲህ ዓይነቱ ነው። በማግስቱ ቁልፉን አስረከብኩ። በሳምንቱ የዳኛው የእህት ልጅ መኪናዋን ሲነዳት አየሁት። ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ካመዱ።

ለወራት ሥራ አላገኘሁም። ከእድሩ እወጣለሁ ብዬ ዛትኩና ለእናቴ ነገርኳት። እሷንስ ማን እንደሚቀብራት ጠየቀችኝ። ዛቻዬን ተውኩት። በየወሩ ስብሰባ እየተገኘሁ ዳኛውን እጅ እነሳ ጀመር፤ ይኸው ዛሬም ስለ እሳቸው ሳወራ አንቱታዬን አልተውኩም፣ ይህ ራሱ ያናድደኛል።

እናቴ በጥር አረፈች። ድንኳኑን ያስተከሉት፣ ሳጥኑን ያሠሩት፣ ከፊት ሆነው የተሸከሙት እሳቸው ነበሩ። የእህታቸው ልጅም አብሮ ተሸክሟል። ከቀብር ስንመለስ እስከ ጉልበታቸው ጎንበስ ብዬ እግዜር ይስጥልኝ አልኳቸው። ከልቤ አልነበረም። ግን እናቴን ብቻዬን መሸከም አልችልም ነበር።