ጋሽ ጀሶና የአስተማሪው የታች ጥርስ

በዚያ ሰሞን በከተማው ንጹሕ ግድግዳ ማግኘት ዘበት ሆኖ ነበር። ምሰሶው፣ የሱቁ መዝጊያ፣ የአውቶቡሱ ጎን ሁሉ ወረቀት ለብሷል፤ አንድ ቀንማ አውቶቡስ ሲጠብቅ ያንቀላፋ ሽማግሌ ጀርባው ላይ ተለጥፎበት ቤቱ ገብቷል። ለምርጫው የቀረቡት አንድ ነጋዴና አንድ አስተማሪ ናቸው፤ የሁለቱም ወረቀቶች መራጩን የሚጠሩት በአንድ ስም ነው፦ «ንቃተ ኅሊናው የዳበረ ሕዝብ»። ይህ ንቃተ ኅሊናው የዳበረ ሕዝብ ማን ነው ቢሉ፣ አንዷ የዳቦ ቤቷ ሴትዮ ናት፤ ነጋዴውን የምትመርጠው የሞተ ወንድሟን ስለሚመስላት ነው። ጫማ ሰፊውም አለ፤ አስተማሪውን የሚመርጠው ነጋዴው ከሰባት ዓመት በፊት ሰላምታ ስለነፈገው ነው። ከሁሉ የዳበረው ግን ጥርስ ሠሪው ጋሽ ጀሶ ነው። እሱ ሁለቱንም ተወዳዳሪዎች አፋቸውን አስከፍቶ አይቷቸዋል።

ጋሽ ጀሶ እናቱ ያወጣችለት ስም ነበረው፤ ከመታወቂያው በቀር የሚያስታውሰው ጠፋ እንጂ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በአንድ የጥርስ ክሊኒክ የጓሮ ክፍል ሰው ሠራሽ ጥርስ ሲሠራ ጀሶው ቅንድቡ ላይ፣ ጆሮው ጀርባ፣ የእጅ ሰዓቱ መስታወት ሥር ሳይቀር ገብቶ ሰፍሯል። ክፍሉ ያለችው መስኮት አንዲት ናት፤ እሷም የምታሳየው የመንገደኛ እግር ብቻ ነው። መደርደሪያው ላይ የከተማው መንጋጋዎች በጀሶ ተቀርጸው፣ ቁጥር ተጽፎባቸው፣ ሁሉም ሊናገሩ ምንም ያልቀራቸው ይመስል ተደርድረዋል።

የሥራው ጥያቄ አንዲት ናት፦ «የት ላይ ነው የሚያምዎት?» ያመመውን ቦታ ያሳየ ሰው ጥርሱ እዚያው ላይ ይሞረድለታል፤ ቤቱ ሄዶ የፈለገውን ያላምጣል። አላመመኝም ያለ ሰው ጥርሱ አይነካም፤ ድዱን እየላጠው ይኖራል። ጋሽ ጀሶ ከዚህ ሌላ ፍልስፍና አልነበረውም። በዕድሜው አንድም ጊዜ መርጦ አያውቅም፤ ይህም ሰልፍ ስለማይወድ እንጂ ወረቀቶቹ እንደሚሉት «ከፖለቲካው ምኅዳር ስለተገፋ» አልነበረም።

ይህን ሰላሙን ያናጋችው ልጁ ናት፤ አንድ ለእናቷ፣ አንድ ለእሱ። ከሁለት ዓመት በፊት የመድኃኒት ቅመማ ትምህርቷን አቋርጣ ስትወጣ ተጣሉ። እሷ ሌላ ከተማ ሄደች፤ እሱ ደህንነቷን የሚሰማው በእህቱ በኩል ሆነ። አሁን ለምርጫው ቅስቀሳ አንድ ጆንያ ወረቀት ተሸክማ ስትመጣ በሩን ከፍቶ «መጣሽ?» አላት። «መጣሁ» አለችው። ዕርቁ ይኸው ነበር። የድሮ ክፍሏ ገብታ ሻንጣዋን አልጋው ሥር አስቀመጠች፤ ልብሷን ግን አላወጣችም። ጋሽ ጀሶ በየጠዋቱ ወደ ሥራ ሲወጣ ገርበብ ባለው በር አጮልቆ ሻንጣውን ያያል። ዚፑ እንደተዘጋ ነው። ከምርጫው በኋላ ትቀር እንደሆነ መጠየቅ ፈልጎ ምላሱ ይያዝበታል። እሷ በበኩሏ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እንዲመርጥላት፣ አስተማሪውን እንዲመርጥላት። አንድ ነገር ግን አስጠነቀቀችው፦ ከዋሻት እንደምታውቅበት፣ ያን ዕለትም እንደምትሄድ።

አንድ ቀን ምሳ እየበሉ ለምን አስተማሪውን እንደመረጠችው ጠየቃት። ሩብ ሰዓት ያህል ወረቀቱን በቃሏ ወረደችበት፤ ስለ ውኃ መሥመር፣ ስለ ግልጽነት፣ ስለ አሳታፊነት። ታግሦ ሰማትና፣ ይህንንማ ነጋዴውም ከነነጥቡ ጽፎታል፣ አንቺ ራስሽ ለምን አላት። ልጅቱ ብርጭቆዋን ዞር ዞር አደረገች።

«ቆም ይላል» አለች።

«ምን ይላል?»

«ሲጠይቁት ቶሎ አይመልስም። አፉን ገጠም አድርጎ ያስባል፣ ከዚያ ይመልሳል። አንተ እኮ አባዬ፣ ጥያቄዬን ሳልጨርስ ነበር አይሆንም የምትለኝ።»

ሌላ አባት ቢሆን በነገሩ ይከፋ ነበር። ጋሽ ጀሶ ግን ለመከፋት ጊዜ አላገኘም። አስተማሪው ለምን ቆም እንደሚል ከባለቤቱ፣ ከጋሽ ጀሶና ከፈጣሪ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከአራት ወር በፊት አስተማሪው የታች ጥርስ አሠርቶ ነበር። ጋሽ ጀሶ ጥርሱን ራሱ ወደ ወንበሩ ወስዶ፣ የክሊኒኩ ዶክተር ቆማ እያየች፣ አጠለቀለትና የዘወትር ጥያቄውን ጠየቀ። አስተማሪው ዕንባው በጉንጩ አልፎ ጆሮው ውስጥ እየገባ «በፍጹም፣ እንዲያውም ተመቸኝ» አለ። ሦስት ጊዜ ቢጠይቀውም መልሱ ያው ነው። አላመመኝም ያለ ሰው ጥርሱ አይሞረድም። ከዚያ ወዲህ ሰውየው ንግግር ባስረዘመ ቁጥር የግራው ወገን ከድዱ ብድግ ይልበታል፤ አፉን ገጥሞ በምላሱ ወደ ቦታው እስኪመልሰው ድረስ ዝም ይላል። የከተማው ወጣት «ጥልቅ አሳቢነት» ብሎ ሲያጨበጭብለት የከረመው ለዚህች ዝምታ ነው።

ነጋዴው የመጣው በዚያው ሳምንት ነበር። ገና የአፍ ልኬት የሚወሰድበትን ማንኪያ ሲያይ ጮኸ። ሲጠጉት ጮኸ፤ ሳይነኩት «ገደለኝ እኮ ይኼ ሰውዬ!» አለ። ጩኸቱን ሰምተው ከመጠበቂያው ክፍል ሁለት ሰዎች ቀጠሯቸውን ትተው ሄዱ። ግን እዚህ ጋ፣ አይደለም ትንሽ ወደዚህ፣ አዎ እዚያች ጋ እያለ ስድስት ጊዜ አስሞረደ። ዛሬ በከተማው ውስጥ እንደሱ የተዋጣ ጥርስ ያለው የለም።

ጋሽ ጀሶ ይህን ለልጁ እንዳይነግራት፣ በሰው አፍ ውስጥ ያየኸው እዚያው ይቅር የሚለው የክሊኒኩ ደንብ ያዘው። ደንቡስ ባይኖር ምን ሊላት ነው? የወደድሽው ማስተዋል የኔ ያልተሞረደ ሥራ ነው ሊላት? በዚያ ላይ ነገሩን ባብሰለሰለ ቁጥር ይምታታበት ጀመር። እያመመው አላመመኝም የሚል ሰው ጀግና ነው ወይስ ውሸታም? ሳይነኩት የሚጮኸውስ ፈሪ ነው ወይስ እውነተኛ? ወረቀቶቹን አገላብጦ አየ፤ ስለዚህ ጉዳይ አንድም ፓርቲ አልጻፈም።

ምርጫው አሥር ቀን ሲቀረው አስተማሪውን አስጠራው፤ ደንበኛ ሁሉ በአራተኛው ወር ይታያል ብሎ። እንዲህ ያለ ሕግ የለም። ለምን እንዳስጠራው ራሱም አላወቀም። ሰውየው አሳዝኖት ይሆናል። ሥራው አደባባይ ላይ ብድግ ቁጭ ሲል ማየት አሳፍሮት ይሆናል። ወይም ደግሞ፣ ይህን ለራሱም አልነገረም፣ ልጁ ከአባቷ አስበልጣ ሌላ ሰው ስታደንቅ መስማት መሮት ይሆናል። ብቻ በዚያ ቀን «ያምዎታል?» ብሎ አልጠየቀም። ድዱ ላይ የቀላችውን ቦታ አየ፤ ጥርሱን ከዚያው ትይዩ ሞረደው፤ መለሰለት። አስተማሪው ነክሶ ሞከረና ዓይኑን ገለጥ አደረገ።

ከሁለት ቀን በኋላ አስተማሪው በገበያው አደባባይ ተናገረ፤ ንግግሩም አንዴም ቆም ሳይል እንደ በረዶ ወረደ። ልጅቱ ቤት ስትገባ ፊቷ ተለዋውጦ ነበር። ምን ሆነሽ አላት። ጫማዋን አውልቃ ቁጭ ካለች በኋላ፣ አንዲት ሴትዮ ስለ ልጆቿ ትምህርት ቤት ስትጠይቀው ጥያቄዋን ሳትጨርስ አይሆንም እንዳላት ነገረችው።

«ልክ እንዳንተ» አለች።

ምናልባት ከምርጫው በፊት እሄዳለሁ ስትል ድምጿ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ይህ ነው ጋሽ ጀሶን ያስደነገጠው። የምትቆጣ ልጅ ትመለሳለች፤ ግራ የገባት ልጅ ወዴት እንደምትሄድ ማን ያውቃል? ዕድሜውን በሙሉ አንዲት የታች ጥርስ በወጉ ሞርዶ የሰው እምነት አፍርሶ አያውቅም ነበር።

ምርጫው ሦስት ቀን ሲቀረው አስተማሪው ሳይጠሩት መጣ፤ በጓሮው በር፣ ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ ደፍቶ። ተከታዮቹ እንደተቀየሙት፣ አፉ እንደሮጠበት፣ የድሮው ሰውዬ የት ሄደ እንደሚሉት እያፈረ አወራ። ከዚያ ወንበሩን ሳብ አድርጎ ወደ ጋሽ ጀሶ ተጠጋ።

«እውነቱን ልንገርዎት። ያን ጊዜ አሞኝ ነበር። ነፍሴ እስክትወጣ ነው ያመመኝ።»

«ታዲያ ምነው አይነግሩኝም ነበር?»

«ዶክተሯ ቆማ እያየችኝ?» አለ አስተማሪው፤ ይህን ብሎ የተሞረደውን ጥርስ አውጥቶ መዳፉ ላይ አስቀመጠለት። «እባክዎን እንደነበረ ያድርጉልኝ።»

የተሞረደ ጥርስ ተመልሶ አይሞላም። አዲስ ይሠራ ቢባል ሳምንት ይፈጃል። ጋሽ ጀሶ ይህን ሊነግረው አፉን ከፈተና አልጋው ሥር ያለችው ሻንጣ ትዝ አለችው። ጥርሱን ይዞ ወደ ውስጥ ገባ፤ በሩን ዘጋ፤ የመሞረጃውን ማሽን አስነሥቶ ባዶ አየር ሲሞርድ ቆየ። ከዚያ ጥርሱን በውኃ አጥቦ፣ ፀጉር ታህል እንኳ ሳይቀይር፣ ይዞት ወጣ። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ የሠራው የመጀመሪያው ማጭበርበር ነው፤ የሠራውም ለፓርቲ ሳይሆን ለሻንጣ ነው።

አስተማሪው አጠለቀው፤ ነከሰ፤ ፊቱ ጭምድድ አለ።

«አዎ» አለ፤ ዕንባው ግጥም ብሎ መጣ። «እዚህች ጋ። ይኸው ያማል። እግዜር ይስጥልኝ።»

ሰውየው ደስ ብሎት ከወጣ በኋላ ጋሽ ጀሶ መስኮቷ ሥር ቁጭ ብሎ የመንገደኛ እግር ሲያይ አረፈደ። ሲያመው አላመመኝም አለ፤ ሳያመው አመመኝ አለ። እሺ፣ ውሸታም ነው እንበል፤ ዕንባውስ? ዕንባው በሁለቱም ጊዜ እውነተኛ ዕንባ ነበር። ደግሞስ አሁን ውሸታሙ ማን ነው፣ ባለ ጥርሱ ወይስ ባለ ማሽኑ? ራሱን ነቀነቀ፤ ከቅንድቡ ጀሶ ረገፈ።

በማግስቱ በመጨረሻው ስብሰባ አስተማሪው ቆም አለ። ቆም ሲል ከመድረኩ ጀርባ የጄኔሬተሩ ድምፅ እስኪሰማ ድረስ ነው አሉ። ልጅቱ በር ላይ ሆና «ተመለሰ፣ አባዬ!» አለችው፤ ዓይኗ ያበራ ነበር። ሻንጣዋ ግን እንደተዘጋች ነበረች።

የምርጫው ቀን አባትና ልጅ አብረው ሄዱ። ጣቢያው የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ክፍል ነው፤ ትልቁ ሕዝብ በትናንሽ አግዳሚ ወንበሮች መሀል ጉልበቱን እየተመታ ይሰለፋል። የአስተማሪው ምልክት እርሳስ፣ የነጋዴው ጃንጥላ ነው። ጋሽ ጀሶ ከመጋረጃው ጀርባ ገብቶ ሁለቱን ሥዕሎች ሲያይ ቆመ። ከእርሳሱ ጎን ዕንባ ይታየዋል፣ ከጃንጥላው ጎን ጩኸት ይሰማዋል። ውጭ ያለው አስመራጭ ሁለት ጊዜ ጉሮሮውን ጠረገ። ስለ ውኃ መሥመሩ ሊያስብ ሞከረ፤ ስለ ውኃ መሥመር የሚያውቀው ግን ቧንቧ ሲዘጋ ብቻ ነው። ስለ አፍ ግን ያውቃል። የሚጮኸውን ሰው የት ጋ እንደሚሞርደው ያውቃል። የሌላኛውን ግን ከእንግዲህ ዕድሜ ልኩን ቢጠይቀው አያውቅም። ጃንጥላው ላይ ምልክት አደረገ፤ ወረቀቱን አጠፈ፤ እንደ ሌባ ላብ አጠመቀው።

ወደ ቤት ሲመለሱ የሰፈሩ መታጠፊያ ጋ ስትደርስ ልጅቱ ዞር አለች።

«ማንን መረጥክ?»

አስተማሪውን ሊላት አፉን ከፈተና መልሶ ገጠመው። ብትዋሸኝ አውቃለሁ ብላዋለች። እውነቱን ቢነግራት ደግሞ ሻንጣዋን ታነሣለች። መንገዱ መሀል ቆመ። አንድ ብስክሌት ደወሉን እየደወለ በጎኑ አለፈ። ልጅቱ አላጣደፈችውም፤ ያን የመድረኩን ሰውዬ በምታይበት ዓይን አፉን ታያለች፤ ለምን እንደዚያ እንደምታየው ግን አልገባውም።

«ነጋዴውን» አለ በመጨረሻ።

አሁን የቆመችው እሷ ናት። «ለምን?»

የሚነግራት ሁሉ የክሊኒክ ምስጢር ነው። «ሲያመው ይጮሃል» አላት።

ይቀልድ እንደሆነ ፊቱን መረመረች። ምንም አላገኘችም፤ ከጀሶ በቀር። «ይኼም ምክንያት ተባለና» አለች።

«እኔም አላውቅም ልጄ።»

ቀድማው ሄደች። ጥግ ላይ ስትደርስ ግን እስኪደርስባት ጠበቀችው፤ ስትጠብቀውም ተቆጥታ አልነበረም፤ እንደሱ ግራ የገባት ትመስል ነበር። ቤት ገብታ የክፍሏን በር ዘጋችው። ጋሽ ጀሶ ወንበር ስቦ ተቀመጠና ጆሮውን አቆመ። የዚፕ ድምፅ ሰማ። ዚፕ ሲከፈትም ሲዘጋም ድምፁ አንድ ነው። ከዚያ እርምጃ፣ ከዚያ ወለሉ ላይ የተጎተተ ነገር።

በሩ ተከፈተ። ልጅቱ ሦስት የልብስ መስቀያ በእጇ ይዛ ቆማለች።

«አባዬ፣ የቁም ሣጥኔን ቁልፍ የት አደረግከው?»

ቁልፉ በደረት ኪሱ ነበር፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ከዚያ ወጥቶ አያውቅም። ግን ቶሎ መመለስ ፈራ።