ጋሽ ደምሰው ያልገለጡት ወንጌል

አለፈች! ልጄ ሰብለ አለፈች! ትናንት የመመረቂያ ጽሑፏን አቅርባ፣ አንዲት ምዕራፍ ሳትቀነስባት አለፈች!

እንዴት ሰነበታችሁ ወገኖቼ? ሰላምታውን ደስታው ቀደመው። በሉ የጠላቴን ነገር ላጫውታችሁ...

ጋሽ ደምሰው ይባላሉ። ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ስለ ሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን አንዲት ቀጭን መጽሐፍ አሳትመው፣ ሠርግ በተጠሩ ቁጥር ለሙሽራ የሚሰጡት እሷኑ ነው። የቤተ ክርስቲያኑን መሬት የሰጡት የጋሽ ደምሰው ቅድመ አያት ናቸው ትላለች መጽሐፏ።

ልጄም የጻፈችው ስለዚሁ መሬት ነው። የድሮ ሰው መሬት ሲሰጥ በወንጌሉ ኅዳግ ላይ ያስጽፍ የለ? የደብሩ መምህር የኔታ ገልጠው ሲያነቡላት ሰጪዋ አንዲት ባልቴት ሆና ተገኘች። ከነምስክሮቿ ተጽፋለች።

አማካሪዋ ግን «የታተመውን የምታፈርሺ ከሆነ የኅዳጉን ፎቶ አምጪ፤ አለዚያ ምዕራፉን አውጪ» አላት። ምዕራፉ ከወጣ ዘንድሮ መመረቅ የለም። ፎቶ ለማንሳት ደግሞ የሰበካ ጉባኤው ፈቃድ ያስፈልጋል። ጉባኤውን በምክትል ሊቀ መንበርነት የሚዘውረው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ጋሽ ደምሰው!

ከለከሉ። ይባስ ብለው በየለቅሶው ስማችንን ያነሱ ጀመር። አንድ ተዝካር ላይ ሰው መሃል ጠሩኝ።

«አንች፣ ልጅሽን አርሚ! አያቶቼን ልታስክድ ነው።»

«ልጄ ምን አጠፋች ጋሸ?»

«መጽሐፍ ትቃወማለች!»

«የማንን? የአንቱን ነው የወንጌሉን?»

ከዘራቸው መሬቱን ወጋው። እኔም ደሜ ፈልቶ ነበርና አልተመለስኩም። «አይተውት ከጻፉ መገለጡ ምን ያስፈራዎታል?» አልኳቸው። ድንኳኑ ሙሉ ሰው ዞሮ አያቸው... እምቢ ማለት አልቻሉም።

በነጋታው ከቅዳሴ በኋላ ተገናኘን። ሴት ዕቃ ቤት አትገባምና ደጀ ሰላሙ ላይ ተቀመጥን። የኔታ ወንጌሉን በጨርቅ እንደተጠቀለለ አቅፈው መጡ። ከመግለጣቸው በፊት ጠየቁ።

«ደምሰው፣ ይህን አይተኸዋል?»

«እንዴታ! በዓይኔ አይቼ ነው የጻፍኩት።»

«እስኪ ጽሑፉ ከወዴት ነው?»

«መጀመሪያው ላይ ነዋ! በቀይ ቀለም።»

የኔታ ገለጡ... ገለጡ... ማቴዎስ አለቀ፣ ማርቆስ አለቀ። ሉቃስ ሊያልቅ ሲል፣ በጥቁር ቀለም፣ ዳሯን አይጥ የቀመሳት ብራና ላይ ባልቴቷ ቁጭ ብላለች። ሰብለ ፎቶዋን ቀጭ!

እኔ ዝም እላለሁ እንዴ? ልጄ ያስጠናችኝን በሙሉ አወረድኩት። «በጊዜው በነበሩት ፊት የተጻፈ ይኸ ቀዳማይ ምንጭ ይባላል ጋሸ። ኋላ ይህን አንብቦ የሚጽፍ ካልዓይ ነው። የአንቱ ግን ካልዓይ እንኳ አይደለም፤ አላነበቡትማ!»

የኔታ «ለመሆኑ ከማን ሰማኸው?» አሉ።

ጋሽ ደምሰው ከዘራቸውን ወደኔ ቀሰሩት።

«ከዚች አባት ነዋ! ልጅ ሆኜ፣ ለእርሻ በሬ ሊዋስ መጥቶ ለአባቴ ሲነግር ሰምቼ!»

ውይ... አባቴ ነፍሱን ይማረውና አንድ በሬ ብቻ ነበረው። ሰኔ ሲገባ ለጥማዱ ሁለተኛ በሬ ፍለጋ ሲዞር፣ በሬ ያለውን ሰው ሁሉ የባላባት ዘር ያደርገው ነበር። ለስንት ሰው የሌለውን አያት ሰጥቶ አርሷል መሰላችሁ! በሰው ቅድመ አያት ስጣላ የከረምኩት፣ ለካ አባቴ በፈለሰፈው ነው።

ሰብለ ደብተሯን አወጣች። «ጋሽ ደምሰው፣ ይህንንም ልጻፈው?»

«ጻፊው! ስሙንም ጻፊው!»

ጻፈችው። ትናንት ፈታኞቹ አንብበው የሳቁት የአባቴን የግርጌ ማስታወሻ ሲያዩ ነው አሉ።

ከጋሽ ደምሰው ጋር ታረቃችሁ ወይ ትሉኝ ይሆናል። ምን ሲደረግ! መጽሐፏን ባለፈው ሳምንትም ለሙሽራ ሰጥተዋታል። ለምረቃዋ ድግስ ግን ጠርቻቸዋለሁ፤ አንድ ጊዜ እንኳ በዓይናቸው አይተው ይጻፉ።

እናንተም ራሳችሁ ኑ። ከበላ ሰው ሰማሁ የሚል እንዳላይ! የሐምሌ ሥላሴ ባለፈ በመጀመሪያው እሁድ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ እቤቴ!