የመጨረሻዋ ጋዋን

ካስተማርኩበት ዩኒቨርሲቲ እኔ በጡረታ ብወጣም፣ እሱ ከእኔ አልወጣም። ሆጤ ሰፈር ካለው ቤቴ በጠዋት እየተነሳሁ፣ በየዓመቱ የምርቃት ቀን ተመራቂዎችን በነጻ ጋዋን አለብሳለሁ።

ዘንድሮ ሰልፉ ወደ አዳራሽ ሲገባ አንዲት ጋዋን እጄ ላይ ቀረች። በሩ ላይ ቆሜ ባለቤቷን ስጠብቅ፣ ነጭ ኮፍያ ያደረጉ አንድ ጎልማሳ እያለከለኩ ደረሱ።

"ወላሂ፣ ከኮምቦልቻ መኪና አጥቼ ነው! ገቡ እንዴ?"

"ገብተዋል እንጂ! ቶሎ ይልበሱ!"

"እኔም ልልበስ?"

"ያለሱማ ማን ያስገባዎታል?"

ትንሽ አመነቱ። በዕድሜያቸው ያፈሩ መሰለኝና አንጀቴን በሉት። "አይፈሩ፣ ትምህርትን ዕድሜ አይገድበውም" እያልኩ ጋዋኗን አጠለቅኩላቸው፤ የምርቃቱንም ቆብ ከኮፍያቸው በላይ ደፋሁላቸው።

"አልሃምዱሊላህ! እንዲህም ታከብሩናላችሁ ለካ!" ብለው ትከሻዬን ሳሙኝ።

እጃቸውን ይዤ ተመራቂዎቹ መሀል አስቀመጥኳቸው። ወጣቶቹ ብድግ ብለው ሲያጨበጭቡላቸው፣ እሳቸው ደረታቸውን ነፍተው በሁለት እጃቸው ሰላምታ ሰጡ። እኔ እንባዬን እየጠረግኩ ወደ በሩ ተመለስኩ።

አንዲት ልጅ ታኮ ጫማዋን በእጇ ይዛ እየሮጠች መጣች።

"አባባ፣ ጋዋኔን ይስጡኝ! አባቴን መናኸሪያ ስፈልግ አረፈድኩ፤ እሱንም አጣሁት።"

"ውይ ልጄ፣ የመጨረሻዋን አሁን ለአንድ ትልቅ ሰው አጠለቅኩላቸው። ያውልሽ፣ መሀል የተቀመጡት።"

አንገቷን ወደ አዳራሹ አስግጋ አየች።

"ጉድ ፈላ! አባዬ ተመረቀ!"