ከአባቴ ሞት በኋላ የተሠራው ስፒከር

ቂመኛ ነህ ይሉኛል። አዎ፣ ነኝ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

አባቴ አቃቂ፣ ክር ፋብሪካ ውስጥ ሲሠራ፣ አንድ ፈረንጅ መካኒክ ወደ አገሩ ሊመለስ ዕቃውን ሲሸጥ ሁለት ትልልቅ ስፒከሮች ገዛ። በልጅነቴ ጠርዛቸውን በጣቴ ስነካ ስንቴ ተቆጥቶኛል። የሚርገበገበውን ወረቀት ከብረቱ ጋር የሚያይዘው ዙሪያ የሚያጣብቅ ጨርቅ ነበር፤ ጣት ላይ ይቀራል። አባቴ ሲሞት እናቴ ልብሱን ሁሉ ለሰው ሰጠች። ስፒከሮቹን ግን ማንም እንዲነካቸው አልፈቀደችም። እሑድ እሑድ ወንበሯን አስጠግታ፣ መዳፏን ሳጥኑ ላይ አድርጋ ትሰማለች። "አባትህ የመረጠው ድምፅ ነው" ትለኛለች።

አባቴ በሞተ በአራተኛው ዓመት አንደኛው ይንኮሻኮሽ ጀመር። የፋብሪካው ኤሌክትሪክ ሠራተኛ የነበረ የአባቴ ጓደኛ መጣ፤ ሁለቱንም በጋሪ ጭኖ ወሰዳቸው። ጋሼ እያልን ነው ያደግነው። ፊት ለፊት ዛሬም አንቱ እለዋለሁ፤ እዚህ ግን እሳቸው ብዬ አልጽፍም። ሲመልሳቸው "ሽቦ ነው የላላው። የወንድሜ ዕቃ ነው፣ ሌላ ነገር ነክቼ ከሆነ እጄ ይቆረጥ!" ብሎ ማለ። እናቴ ዶሮ ሠርታ አበላችው። ያ ዶሮ እስካሁን ይቆጨኛል።

አምና ድምፁ ሲንቀጠቀጥ እኔው ልጠግነው ብዬ ከፈትኩት። ጠርዙ ስፖንጅ ነው፣ በስብሶ እጄ ላይ ረገፈ። የሚያጣብቀው ጨርቅ የት ሄደ? ሳጥኑ ላይ ስምንት የብሎን ቀዳዳ አለ፤ ስፒከሩ ግን የታሰረው በአራት ብሎን ነው። የቀሩት አራቱ በሰም ተደፍነዋል። ሁለተኛውንም ፈታሁት፤ ያው ነው።

እንዲህ ያለ ዕቃ ዕድሜውን ጀርባው ላይ ይዞ ነው የሚዞረው። ብዙዎቹ ማግኔታቸው ላይ የታተመ ረጅም ቁጥር አላቸው፤ የመጨረሻዎቹ አሃዞች የተሠሩበትን ዓመትና ሳምንት ይናገራሉ። ይህን እስክማር ኢንተርኔት ላይ ዓይኔ ቀላ። ቁጥሩን አነበብኩ፤ የፈረንጅ አቆጣጠር ነውና ስምንት ዓመት ቀነስኩ። እናቴ መዳፏን አድርጋ የምታለቅስበት ስፒከር የተሠራው አባቴ ከተቀበረ ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ሳጥኑ ውስጥ የቀረችው፣ ወፍራሙንና ቀጭኑን ድምፅ የምትለየው ትንሽ ሰሌዳ ብቻ የአባቴ ዘመን ቁጥር ነበራት። ሰውየው ነፍሱን አውጥቶ ሬሳውን መልሶልናል።

ሳሪስ ሥጋ ቤት እንደከፈተ አውቃለሁ። ሄድኩ። ግድግዳው ሥር፣ አዲስ ቨርኒሽ በተቀባ ሳጥን ውስጥ፣ ሁለት ስፒከሮች ያንጎራጉራሉ። ጥብስ አዘዝኩና ፈገግ አልኩ።

"ጋሼ፣ እንዲህ ያለ ድምፅ ዛሬ የት ይገኛል? መቼ የተሠሩ ይሆኑ?"

"ተወኝ እባክህ! ዛሬ የሚሸጡልህ ቆርቆሮ ነው። ና፣ ላሳይህ!"

ካቻቢቴ አስመጥቶ በገዛ እጁ ፈታልኝ። ስምንት ብሎን። ጠርዙን ነካሁት፤ ጣቴ ላይ ቀረ። የማግኔቱ ቁጥር ከእኛ ሰሌዳ ጋር ያንድ ዓመት ነው፣ የሚለያዩት በጥቂት ሳምንት ብቻ። "ለማስታወሻ" ብዬ በስልኬ አነሳሁት፤ እሱም አብሮ ተነሳ። ጥብሱ አልዋጥ አለኝ እንዳልል፣ አንድም አላስቀረሁም።

ከዚያ የእድራችንን ሽማግሌዎች ሰበሰብኩ፤ እሱም ተጠርቶ መጣ። የእኛን ስፒከር ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ቁጥሩን አሳየኋቸው። አንደኛው ሽማግሌ መነጽራቸውን አውልቀው አዘኑልኝ።

"ልጄ፣ ይሄ እኮ በፈረንጆቹ ነው። ሰባት ስምንት ዓመት መቀነስ ነበረብህ።"

"ቀንሻለሁ አባባ። ቀንሼም አባቴ ሞቷል።"

ፎቶውን ዘረጋሁት፤ ራሱ ስፒከሩን አቅፎ ይስቃል። ሰውየው ፎቶውን አየ፣ እኔን አየ፣ አንገቱን ደፋ።

"ሰይጣን አሳስቶኝ ነው። ድንጋይ ተሸክሜ እናትህ እግር ላይ ልውደቅ" አለ። በአገራችን ወግ ይቅርታ የሚለምን ሰው ድንጋይ በአንገቱ ይሸከማል።

"ድንጋይ አልፈልግም" አልኩ። "የወሰዱትን ይሸከሙ። ሲወስዱ በጋሪ ነበር፤ ሲመልሱ በትከሻዎ ነው።"

ሽማግሌዎቹ "ኧረ ተው፣ አሮጌ ሰው ነው" ብለው ለመኑኝ። እናቴም አሮጊት ናት አልኳቸው።

እሑድ፣ ሰው ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ፣ አንደኛውን ስፒከር ከአስፋልቱ ጀምሮ ተሸከመው። ሳጥኑ ከባድ ነው፤ በየጥቂት እርምጃው ቆሞ ትከሻ ይቀይራል። ጎረቤት በየበሩ ወጥቶ ያያል፤ ለጠየቀኝ ሁሉ ምን እንደሆነ ጮክ ብዬ እናገራለሁ። ከኋላው ቀስ እያልኩ ሄድኩ። ደስ ብሎኝ ነበር፤ እንዲያውም መንገዱ አጠረብኝ።

እናቴ በር ላይ ቆማለች። ነገሩን ሽማግሌዎቹ ቀድመው ነግረዋታል። ሳጥኑን ከትከሻው ተቀብላ አብራው አወረደችው። ሰውየው እግሯ ላይ ሊወድቅ ሲል ክንዱን ያዘችና ወደኔ ዞረች።

"ሁለተኛውስ?"

"አስፋልቱ ጋ፣ ታክሲው ውስጥ ነው። ተመልሰው ያመጡታል።"

"አንተ አምጣው። በትከሻህ።"

"እማዬ..."

"በትከሻህ አልኩህ።"

በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ተሸክሜ ገባሁ። ሳስቀምጠው እሱ ከወንበሯ ላይ ተቀምጦ ውሃ ይጠጣል፤ እናቴ በነጠላዋ ጫፍ ላቡን ትጠርግለታለች። ይቅር ያለችው እሷ ናት። እኔ አላልኩም።