ከውርጩ በፊት የተከልነው ቱሊፕ

ልጅ ሳለሁ፣ ወላይታ ውስጥ፣ እሳቱ ወደ ፍም ሲወርድ አጎቴ ማዳ ተረት ይነግረን ነበር። ጭሱ ዓይናችንን ይለበልበዋል፤ ኩራዙም ጋዝ እንዳይጨርስ ዝቅ ስለሚደረግ ከአጎቴ ፊት የሚታየን አገጩ ብቻ ነው። ያኔ ግን ድምፁ ይበቃን ነበር።

ከሁሉ የምንወደው የጎደሬ ተካዩን ሰውዬ ተረት ነበር። ሰውየው ዝናብ ሲቃረብ ጎደሬውን ቀበረ። በማግስቱ ቆፍሮ አወጣው፣ አገላብጦ አየው፣ መልሶ ቀበረው። እንዲህ ሲል ሰንብቶ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ሲበላ የሱ ማሳ ባዶ ቀረ። አጎቴ እዚህ ላይ ሲደርስ አፈር እንደሚምስ ሰው በጣቱ መደቡን እየጫረ «አለህ? አለህ ወይ?» ሲል በሳቅ እንፈርስ ነበር።

ካረጀሁ በኋላ ልጃችን ማርታ እኔንና ባለቤቴን ወርቅነሽን አሜሪካ፣ ዴንቨር አጠገብ ወዳለችው አውሮራ አመጣችን። ሚሊኒየሙ በተከበረ በወሩ ገደማ፣ ሽንኩርት የመሰለ የቱሊፕ አበባ ሥር በከረጢት ገዝታ መጣች። እኔ ማንበብ አልችልምና የተጻፈውን እሷ ነገረችን።

«አባዬ፣ እዚህ ዴንቨር አካባቢ አሁን ነው የሚተከለው፣ መሬቱ ፍሪዝ ሳያደርግ። ብርድ ካልጠገበ አያብብም።»

«ሞቃት አገርስ?» አልኳት።

«አክስቴ ያለችበት ፊኒክስ መጀመሪያ ፍሪጅ ውስጥ ያቆዩታል። በገና ሰሞን ነው የሚተክሉት።»

ወርቅነሽ ሳቀች። «ፍሪጅ? አበባ ነው ወይስ የተረፈ ወጥ?»

ያኔ መርሳት ጀምራ ነበር። ምድጃውን ለኩሳ ትሄዳለች፤ ማርታን በገዛ እህቷ ስም ትጠራታለች። ሐኪሙም ከዚህ ወዲያ መሻል የለም ብሎናል። እኔ ግን በገዛ እጇ የተከለችው ሲያብብ ብታይ፣ ለአንድ ቀን እንኳ ትመለስልኛለች ብዬ አሰብኩ። ለማንም አልተናገርኩም። መስኮቱ ሥር ጎን ለጎን ተንበርክከን ተከልን። አፈሩን በመዳፏ መታ መታ አደረገችው።

በማግስቱ ጠዋት ብወጣ፣ ሁሉንም አውጥታ በቀሚሷ ይዛለች።

«ማነው ሽንኩርታችንን የቀበረው?» አለችኝ ተቆጥታ።

«እኔ ነኝ።»

«አንተ ሰውዬ፣ ጤና የለህም!»

ጋደም ስትል መልሼ ቀበርኩት። እንደገና አወጣችው። እንዲህ ስንባባል መሬቱ እየቀዘቀዘ ሄደ። የአጎቴ ሰውዬ ትዝ ያለኝ ያኔ ነው። ተረቱ ለምን እንደሚቆፍር አይናገርም፤ እኛ ትዕግሥት የለውም ብለን ሳቅንበት። መቅበሩን ረስቶት እንደሆነስ?

«አባዬ፣ በሩን ሎክ አድርገው» አለችኝ ማርታ።

«ሚስቴ ላይ በር አልቆልፍም» አልኳት። 

ኅዳር ላይ ለመጨረሻ ጊዜ አውጥታ ግቢው ውስጥ የበተነችው ላይ በረዶ ጣለበት። በረዶው ሲቀልጥ ባነሳቸው ጣቴ መሃል ፈረጡ። መሬቱም አካፋ አላስገባ አለ።

ሚያዝያ ላይ ከመንገዱ ማዶ የጎረቤት ቱሊፕ ፈነዳ፤ ቀዩም፣ ቢጫውም። ወርቅነሽ መስኮቱ ላይ ቆማ ብዙ አየችው።

«ማነው የተከለው?»

«ጎረቤቶቻችን።»

«ጎበዞች ናቸው» አለች። ከዚያ ዞር ብላ፣ ለማታውቀው እንግዳ እንደሚደረገው አንገቷን ዝቅ አደረገችልኝ። «ባለቤቴ ሲመጣ ይንገሩልኝ፣ አደራዎን። እኛም ዛሬውኑ እንተክላለን።»

ወቅቱ አልፏል አላልኳትም።

ካረፈች ቆየች። ከእኔም ዘንድ ብዙ ነገር ሄዷል፤ የሰው ስም፣ የመንገድ ስም፣ የልጅነቴ ዘፈን። መስኮቱ ላይ የቆመችበት ቀን ግን አልሄደም።

«እሺ፣ እነግረዋለሁ» ነበር ያልኳት።