የክንፍ ሰፊዋ ጥቅጥቅ ስፌት

ሴትየዋ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የአውሮፕላን ክንፍ ስትሰፋ ኖራለች። አዎ፣ ክንፍ! የዱሮዎቹ ትንንሽ ማሰልጠኛ አውሮፕላኖች ክንፋቸው የእንጨት አጥንት ነው፤ በላዩ ጨርቅ ይለብሳል፣ ጨርቁም ከአጥንቱ ጋር በእጅ ይሰፋል። ክንዷን የምታህል መርፌ እሷ ከላይ ትወጋለች፣ ከታች የተቀመጠችው ጓደኛዋ ተቀብላ ትመልስላታለች። እንዲህ ሲቀባበሉ ነው ወጣትነታቸው ያለፈው።

ልጇ ግን ይህን ለሰው አታወራም። መሐንዲስ ናት፣ ትልቅ ቢሮ አላት። «እናትሽ ምን ትሠራ ነበር?» ሲሏት «ጡረታ ወጥታለች» ብላ ወሬ ትለውጣለች። እናትየው አንድ ቀን በጆሮዋ ሰምታታለች። አልተቆጣችም፤ ግን ቅር ብሏታል፣ በጣም ቅር ብሏታል።

አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ልጇ ከሁለት የቢሮ ባልደረቦቿ ጋር ወደ አቪዬሽንና ጠፈር ሙዚየም ይዛት ሄደች። ሮኬቱን አዩ፣ የጠፈር ልብሱን አዩ። እናትየው ልብሱን ዞር ዞር ብላ መረመረችና «ስፌቱስ ደህና ነው» ብላ አሳለፈችው። ሦስቱም ሳቁ።

ጥግ ላይ የቆመችውን ቢጫ አውሮፕላን፣ ጭራዋ ላይ የተጻፈውንም የምታውቀውን ቁጥር ስታይ ግን እግሯ ተተከለ። ከረባት ያሰረ አስጎብኚ ለሰዎች «የክንፉ ጨርቅ ውጭ አገር በማሽን ተሰፍቶ የመጣ ነው» እያለ ያስረዳል።

«ውሸት!» አለች። ሰው ሁሉ ዞረ። «ምን ማሽን አለና! የሰፋሁት እኔ ነኝ።»

አንዱ ጎብኚ ክትክት ብሎ ሳቀ። የልጇ ፊት ቀላ። «እማዬ፣ ተይ እባክሽ፤ ተመሳስሎብሽ ነው።»

ይሄ ነው የከነከናት። የሌላው ሳቅ የራሱ ጉዳይ፤ የገዛ ልጇ እንደጃጀች አሮጊት ከቆጠረቻትማ ያ ሁሉ ዓመት ውሃ በላው ማለት ነው።

«የኔ ጌታ» አለችው አስጎብኚውን፣ «በቀኙ ክንፍ ሥር ከጫፍ አራተኛውን አጥንት እይልኝ። ስፌቱ በየአራት ጣት ነው መሆን ያለበት፣ እዛ ጋ ግን በየሁለት ጣት ነው። ብቻዬን ኃላፊ ሆኜ የሰፋሁት የመጀመሪያ ክንፌ ነው። የሰው ልጅ ሊበርበት ነው እያልኩ እጄ ክፍተት መተው አቃተው። አለቃችን ‹ፍራሽ ነው እንዴ የምትጠቀጥቂው!› ብሎ ጮኸብኝ። ስፌቱን ሊያስፈታኝ ሲል ተቆጣጣሪው ደርሶ ‹ተዋት፣ ቢጠነክር እንጂ አይጎዳም› አለው።»

አስጎብኚው ሳቁን ዋጥ አድርጎ ከክንፉ ሥር ገባ፣ የስልኩን መብራት አበራ። ከቀለሙ ሥር ቋጠሮዎቹ ጉብ ጉብ ብለው ይታያሉ። በጣቱ እየለካ ሄደ። አራተኛው አጥንት ላይ ሲደርስ ቆመ። ደግሞ ለካ።

«እማማ» አለ ከዛው ሆኖ፣ «እውነትዎን ነው። ልክ እንዳሉት ነው።» ወጥቶም እጇን በሁለት እጁ ያዘ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ወረቀት ላይ ያገኘሁትን ነው ስደግም የኖርኩት።»

የእናትየው አንገት ቀና አለ። ደስ አላት፣ ኮራች፤ ዓይኗ ግን ልጇን ይፈልጋል። ልጇ ለካ የቢሮ ልብሷን ከምንም ሳትቆጥር ተንበርክካ ክንፉ ሥር ገብታለች። ቋጠሮዎቹን አንድ በአንድ ስትዳስስ ቆየችና ባልደረቦቿን ተጣራች።

«ኑ እስቲ፣ ኑ እዩ! ይሄን የሰፋችው እናቴ ናት!»

ጥበቃው ከወዲያ እየሮጠ መጣ። «እመቤት፣ መንካት ክልክል ነው!»

እናትየው መንገዱ ላይ ቆመችበት። «ተዋት» አለችው፤ «ልጄ ናት።»