በከብቶቹ መንገድ ላይ የተወጠረው ሽቦ

ትናንት ከሰንበቴ የመጣ የሚኒባስ ሹፌር ትምህርት ቤታችን በር ላይ ጠራኝና፣ "አፋሮቹ አርብ እንመጣለን ብለዋል። ንገራት ተብዬ ነው" አለኝ። ደስታዬን የማካፍለው ሰው አጠገቤ ስላልነበረ ብቻዬን እየሳቅሁ ከሚሴን አቋረጥኩ። ቤት እንደገባሁ መጻፍ ጀመርኩ፤ አሁንም እጄ አላቆመም።

ጥቅምት ላይ የውጭ አገር ወታደሮች ጨፋ ሜዳ ዳር ድንኳን ተከሉ። ለምን እንደመጡ፣ እስከ መቼ እንደሚቆዩ የነገረን የለም። አባቴ በበጋ ላሞቹን የሚያጠጣው እዚያ ነው፤ አፋሮቹም ከቆላ ከብታቸውን ይዘው የሚወጡት ወደዚያው ውሃ ነው። ውሃው ከተዘጋ አባቴ ላሞቹን ከመሸጥ በቀር ሌላ መላ የለውም።

እኔና ሦስት ጓደኞቼ ካርቶን ላይ "የውጭ ጦር ከመሬታችን ይውጣ" ብለን ጻፍን። ብዙም ሳይቆይ አንዷ ፈተና አለብኝ አለች፣ አንዷን እናቷ ከለከለቻት፣ ሦስተኛዋ ዝም ብላ ቀረች። መናኸሪያው ጋ ብቻዬን ስቆም የባጃጅ ሹፌሮች "ጄኔራሏ መጣች፣ መንገድ ልቀቁ" ይሉኛል። እሱስ ደህና። የከፋው የሚያውቁኝ ሰዎች ካርቶኑን ሲያዩ ስልካቸውን መነካካት ሲጀምሩ ነው። እናቴ ደግሞ ማታ በኦሮምኛ ብቻ ታናግረኛለች፤ ስትቆጣ እንደዚያ ናት።

አንድ እሁድ ካርቶኔን ይዤ ሰንበቴ ከብት ገበያ ሄድኩ። ፍየል የሚሸጡ አንድ የአፋር ሽማግሌ ጠርተው አስቀመጡኝ። ጽሑፉን ዞር ብለውም አላዩት፤ የፈለጉት ዳጉ ነው። በእነሱ ወግ መንገደኛ ከመንገደኛ ሲገናኝ ያየውንና የሰማውን ሳይጨምር ሳይቀንስ ይነግራል። እኔ ስለ አገር ክብር ብዙ አወራሁ። እስክጨርስ ጠበቁኝና፣

"ልጄ፣ ይሄ የሰማሽው ነው። ያየሽውስ?" አሉኝ።

ለካ አንድም ቀን ሄጄ አላየሁም።

ቅዳሜ ከጨፋ ሮቢት በእግሬ ወረድኩ። ወታደሮቹ ድንኳናቸውን ያጠሩበት ሽቦ ከብቶቹ ወደ ውሃ የሚወርዱበትን መንገድ ቆርጦታል። ጥጆች ዳሩ ላይ ቆመው ውሃውን ያያሉ። ከሽቦው ወዲያ አንድ ወታደር ካልሲ ያሰጣል፤ ቢበዛ የወንድሜ እኩያ ነው። በማላውቀው ቋንቋ አንድ ነገር አለኝና በእጁ ተመለሺ አለኝ። የተቆጣም አይመስል። እሱም ብቻውን፣ እኔም ብቻዬን። ግን የቆመው የእኛ መሬት ላይ ነው፤ ተመለሺ የምባለው ደግሞ እኔ።

በማግስቱ ካርቶኑን ቤት ትቼ ሰንበቴ ተመለስኩ። ለሽማግሌው ያየሁትን ብቻ ነገርኳቸው፣ ካልሲውን ጭምር። ሽቦው በር እንዳለው ጠየቁኝ፤ አላየሁም አልኩ። "አሁን ወሬ አለሽ" ብለው ወደ ፍየሎቻቸው ዞሩ።

ከዚያ ወሬው በማን እግር እንደሄደ አላውቅም። ብቻ አባቴ ከሮቢት ገበያ ሲመለስ ያንኑ፣ ካልሲው ሳይቀር፣ ለእኛው ነገረን። እናቴ በአማርኛ "ማን ነው ያየው?" አለች።

"እኔ ነኝ" አልኩ።

ረጅም ጊዜ አየችኝ። ከዚያ ወደኔ ጠጋ ብላ ተቀመጠች።

ሽቦው ገና አልተነሳም። ወሬው የደረሳቸው የእኛ ሽማግሌዎች ግን ወደ አፋሮቹ ልከው ነበር፤ የትናንቱ መልእክት መልሱ ነው። አርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ የእኛም የአፋርም ሽማግሌዎች ከሽቦው ወዲህ ሜዳው ላይ ተቀምጠው ወታደሮቹ እንዲነሱ በአንድ ቃል ይጠይቃሉ። እናንተም ኑ። ካርቶን አያስፈልግም፤ በዓይናችሁ ያያችሁትን ይዛችሁ ኑ። አጠገቤ ሰፊ ቦታ አለ።